ሌኒን እና ሮዛ በብሔር ጥያቄ ላይ

የሩሲያ አብዮት መሪው ሌኒንና ሮዛ ሉክሰምበርግ ሁለቱም ሶሻሊስቶች ነበሩ። ያኔ በሩሲያ ሥር የነበረችው ፖላንድ ትገንጠል ወይ ሲባል ግን ተለያዩ። ሮዛ ሉክሰምበርግ፣ ራሷ የፖላንድ ተወላጅ ሆና፣ ነፃነቱን ተቃወመች። የፖላንዷ ከተማ የሎድዝ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሸጡት ለሩሲያ ገበያ ነበር፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከሩሲያዊ ጓዱ ጋር አብሮ ይታገል አለች። ሌኒን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 የመገንጠል መብት ይከበር ብሎ ጻፈ። እውነት ነው፣ የተጨቆነ ሠራተኛ መብቱን የሚነፍገውን ጓድ እንዴት ያምናል? ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይሄ ነው።



ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻ የፊንላንድን ነፃነት ተቀበለ። በ1921 ግን የእሱው መንግሥት ሠራዊት፣ ቀይ ጦር፣ ነፃ ወደነበረችው ጆርጂያ ገባ። የመገንጠል መብት የሚሰጠው የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39ም ሥሩ ከሌኒን መስመር ነው።