«ሞተሩ ይወርዳል» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ፦ ሳይለካ የሚታደስ ቱርቦ ሞተር

ቪጎ፣ ፕራዶ ወይም አባዱላ ለምትነዱ ሁሉ። 1ኬዲ ወይም 2ኬዲ የተባለው የቶዮታ ዲዝል ሞተራችሁ ጢስ አበዛ፣ ዘይት በላ፣ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ እንበል። ጋራዥ ስትገቡ በመጀመሪያው ቀን የምትሰሙት ይታወቃል፦ «ሙሉ እድሳት ነው፣ ፋሻና ቤሪንግ እንቀይራለን፣ በአምስት ቀን ትወስዳላችሁ፣ የስድስት ወር ዋስትና አለው፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው።» (ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት ነው፤ ቤሪንግ ደግሞ ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከርበት ስስ ቅርፊት።) ይህን ዋጋ አትቀበሉ። ርካሽ ወይም ውድ መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ። ሞተሩ ሳይከፈትና አንድም ነገር ሳይለካ የተጠራ ዋጋ መሆኑ ነው። እንዲህ የታደሰ ሞተር ከጋራዥ ሲወጣ ያምራል፣ ድምፁም ልስልስ ይላል፤ ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ሄዶ ተመልሶ ሲገባ ግን ክራንኩንም ብሎኩንም ይዞ ነው የሚጠፋው።

መጀመሪያ ሞተሩ መውረድ ያስፈልገው እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው የሚታለለው በኮምፕሬሽን ጌጅ ነው። መካኒኩ ጌጁን ያስርና ከማኑዋሉ ወይም ከኢንተርኔት ያገኘውን ቁጥር ያሳያችኋል፦ «28 መሆን ሲገባው 21 ነው፤ ፋሻው አልቋል።» ማኑዋሉ የሚጽፈው ቁጥር ግን በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 28 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 21 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ተመልከቱ። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ወደ 5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ እውነትም ችግር አለ። ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ በካንዴሌት (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚያሞቀው) ቀዳዳ በኩል፣ በአራቱም ላይ መደረግ አለበት። አንዱን ብቻ ለክቶ «ሌላውም ያው ነው» የሚል ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ ቀጣዩ እርምጃ በዚያው ቀዳዳ የኮምፕረሰር አየር መንፋት ነው። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ቫልቮቹ ተዘግተው አየሩ በየት እንደሚወጣ ይደመጣል። በማርሚታ በኩል ከተነፈሰ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው፤ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የመግቢያ ቫልቭ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካየን ቴስታታው (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው የሞተር ራስ) ወይም ጋስኬቱ ነው። በዘይት መሙያው በኩል በኃይል ከወጣ ነው ፋሻ ወይም ፒስተን የሚባለው። ይህ ምርመራ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ቴስታታ ብቻ አውርዶ መጨረስ የሚቻልን ሥራ ሙሉ ሞተር ከማፍረስ ያድናል።

ሰማያዊ ጢስም እንዲሁ ነው። ዘይት የሚያቃጥለው ቱርቦው ሊሆን ይችላል። የኢንተርኩለሩን (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ቱቦ ፈትታችሁ እዩ፤ ስስ የዘይት ወዝ የተለመደ ነው፣ ተጠራቅሞ የሚፈስ ከሆነ ግን አይደለም። የቱርቦውን ዘንግ በጣት ያዙት። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ አያስደንግጥ፤ ሥራው በዘይት ላይ መንሳፈፍ ነው። ወደፊትና ወደኋላ ሲሳብ የሚሰማ ክፍተት ካለ ወይም ምላጩ ቤቱን ከነካ ቱርቦው አብቅቷል። ያለቀ ቱርቦ ግፊቱን በዘይት መመለሻው በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ ስለሚልክ በዘይት መሙያው ጢስ ሲወጣ ፋሻ የሞተ ያስመስላል። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ፋሻ እንደተጣለ!

እንበልና መውረዱ አስፈለገ። እዚህ ላይ መካኒኩን በአንድ ጥያቄ መለየት ይቻላል፦ «ይህ ሞተር ለምን ሞተ?» መልሱ «አርጅቶ ነው» ብቻ ከሆነ አትስጡት። በ1ኬዲ ላይ የታወቀ አንድ መንገድ አለ። ከኢንጀክተሩ (ነዳጅ ከሚረጨው) ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ማሸጊያ ቀለበት፣ ታፈስሳለች፤ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ አምልጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ እንደ ጭቃ ይወፍርና ጥላሸቱ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ ሲደፈን መጀመሪያ የሚጠማው ቱርቦው ነው፣ ቀጥሎ የኮንሮድ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ዘንግ) ቤሪንግ። ኮፓው ሲወርድ ወንፊቷን በዓይናችሁ እዩዋት። ጤነኛዋ ወንፊት ብርሃን ታሳልፋለች። የተደፈነችዋ ላይ ጥቁር ቅርፊት እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ፋሻና ቤሪንግ ቀይሮ ሮንዴላዎቹን የመለሰ ሰው በሽታውን መልሶ ነው የገጠመው። ሮንዴላ ሁለተኛ ጊዜ አይታሰርም፤ መቀመጫው ተጠርጎ አዲስ ነው የሚገባው።

ኢንጀክተሮቹም ራሳቸው መሞከሪያ ማሽን ላይ ይውጡ። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር የፒስተኑን ራስ በእሳት ይበሳል ወይም ይሰነጥቃል፤ አዲስ ፒስተን ቢገባም ያንኑ ያደርገዋል። ደግሞ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ላይ የተቀረጸ ኮድ አለ፣ በስካነር ወደ መኪናው ኮምፒውተር የሚገባ። አዲስ ሲገባ ወይም ቦታ ሲቀያየር ኮዱ ካልተጻፈ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ስራ ፈት ላይ ይንቀጠቀጣል። ከመፈታታቸው በፊት የአራቱንም ኮድ ከነሲሊንደር ቁጥሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሞተር የሚገጥም ሰው ማይክሮሜትር፣ ቦር ጌጅ (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ)፣ ዳያል ጌጅ (የከፍታ ልዩነት መለኪያ) እና ቶርክ ሬንች (በልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ሊኖረው ይገባል፤ ባይኖረው እንኳ ያለው ማሽን ቤት ልኮ በወረቀት የተጻፈ ልኬት ማምጣት አለበት። «እጃችን ያውቀዋል» የሚል መልስ እዚህ ሙያ ውስጥ ድፍረት እንጂ ችሎታ አይደለም። የ1ኬዲ ሲሊንደር 96 ሚሊሜትር፣ የ2ኬዲ 92 ሚሊሜትር ስፋት አለው። መበላቱ የሚነበበው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ ጣት አይለየውም። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሦስት ከፍታ፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ አራቱ ሲደመሩ 24 ቁጥር ይሆናሉ። ወረቀቱ ላይ 24 ቁጥር ከሌለ አልተለካም።

ቦሪንግ (የተበላውን ሲሊንደር ማስፋት) ካስፈለገ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ፒስተኑ ይገዛል፣ ቀጥሎ ፒስተኑ ይለካል፣ ከዚያ ብሎኩ በዚያ ልክ ይከፈታል። ብዙዎች «0.50» (በግማሽ ሚሊሜትር ይስፋ) ተብሎ ብሎኩን ያስከፍቱና ፒስተን ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይወጣሉ። ካርቶኑ ላይ 0.50 የተጻፈባቸው የሁለት አምራቾች ፒስተኖች ልካቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ሰፍቶ ከቀረ ብርድ ላይ ያንኳኳል፣ ጠብቦ ከቀረ ሲሞቅ ይነክሳል። የፋሻውም ጫፍ ክፍተት እያንዳንዱ ፋሻ በገዛ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በፊለር (ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ይለካል። ቱርቦ ያለው ሞተር ፋሻውን አብዝቶ ስለሚያሞቀው ክፍተቱ ከጠበበ ጫፎቹ ይጋጩና የፒስተኑን ጠርዝ ይሰብራሉ። ፋሻው ላይ ምልክት ወይም ፊደል ካለ ወደ ላይ ነው የሚዞረው።

ክራንኩ ከተሞረደ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚሞረደው ክፍል ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክብ ማጠፊያ ተመልሷል ወይ? ሹል ሆኖ ከቀረ ክራንኩ ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው። ሁለተኛ፣ የገባው ቤሪንግ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል? የመደበኛውና በ0.25 ሚሊሜትር ለተሞረደ ክራንክ የሚሆነው ምልክት ይለያያል፤ ከመገጠሙ በፊት በፎቶ ያስቀሩት። የዘይት ክፍተቱ በፕላስቲጌጅ ክር (ተጨፍልቆ ክፍተቱን በሚያሳይ) ወይም በማይክሮሜትር ተረጋግጦ ይጻፍ።

ቴስታታ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ወጥመድ የጋስኬቱ ውፍረት ነው። የእነዚህ ሞተሮች የቴስታታ ጋስኬት በተለያየ ውፍረት ነው የሚመረተው፤ ጠርዙ ላይ በፊደል ወይም በቅርጽ ምልክት ይለያል። የትኛው እንደሚገባ የሚወሰነው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ስንት መቶኛ እንደሚወጣ በዳያል ጌጅ ተለክቶ ነው። በሳጥን የሚሸጠው ፉል ጋስኬት ግን ውስጡ ያለው የቴስታታ ጋስኬት አንድ ብቻ ነው፤ ገጣሚው ሳይለካ የመጣውን ይጭናል። ከሚገባው በላይ ከወፈረ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፣ ጠዋት ጠዋት አስነሱኝ ይላል፣ ነጭ ጢስ ይተፋል፤ ባለጋራዡም «ገና ስላልተላመደ ነው» ይላችኋል። ከሳሳ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ቴስታታው አለልክ ይጠጋል። ቴስታታው ከተላጨ የቫልቮቹም ጥልቀት ስለሚቀየር እንደገና መለካት አለባቸው። ስንጥቅ መኖሩን በግፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስፈትሹ፤ በዓይን አይታይም። የቴስታታ ብሎኖችም ተስበው ቀጥነው እንደሆነ ሳይለኩ መመለስ የለባቸውም፤ አጠባበቃቸው በቶርክ ከዚያም በዲግሪ ነው እንጂ በክንድ አይደለም።

ቱርቦው ጋ ስንደርስ ሥራው ሁሉ የሚበላሸው በመጨረሻው ሰዓት ችኮላ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሳሳው አየር ያንኑ ግፊት ለመስጠት የበለጠ ይሮጣል። የሚሸከመው ስስ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ኮፓው ላይ እንደ ጥርስ ሳሙና የተጨመቀ ሲሊኮን ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ። ወደ ውጭ የተረፈው እንደሚታየው ሁሉ ወደ ውስጥም የተረፈ አለ፤ እሱ ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ወይም የቱርቦው ቀጭን የዘይት መስመር ውስጥ ይቀመጣል። የዘይት ማድረሻው መስመር አዲስ ይሁን ወይም ውስጡ ንጹሕ መሆኑ ይረጋገጥ፤ መመለሻው ቱቦም ይጠረግ። መመለሻው ከጠበበ አዲስ ቱርቦ እንኳ በጭስ ማውጫ በኩል ዘይት ይተፋል፣ ከዚያም «ቱርቦው ኮፒ ነበር» ይባላል።

ኢንተርኩለሩስ? አሮጌው ቱርቦ ሲሰበር ብረቱንም ዘይቱንም እዚያ ነው የሚተወው። ሳይታጠብ ከተገጠመ ብረቱ አዲሱን ሲሊንደር ይፍቃል። የተጠራቀመው ዘይት ደግሞ ለዲዝል ሞተር ነዳጅ ነው፤ በቁልፉ ብታጠፉትም ሞተሩ እየጮኸ እስኪነክስ ይሮጣል።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይቀርላችኋል» ሲሏችሁ የሚቀርላችሁ ማስረጃው ነው። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የቃል ዋስትና ይዞ አቤት ማለት ከባድ ነው። ስምምነቱ ላይ የሚገዛው ዕቃ ዓይነትና አምራች፣ ልኬቶቹ፣ ዋስትናው ቱርቦውንና ኢንጀክተሮቹን ማካተቱ ይጻፍ። ክፍያውን በአራት ከፋፍሉት፦ ሲከፈት፣ ልኬት ሲቀርብ፣ ሲነሳ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ። አሮጌውን ዕቃ ሁሉ በማዳበሪያ አስረው ያስረክቧችሁ። ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር መኪናው ከመግባቱ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ብሎክ ከተቀየረ ሊብሬያችሁ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፣ ስም ስታዛውሩ ወይም ቴክኒክ ምርመራ ስትሄዱ ጣጣው የናንተ ነው። «ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር እናስገባ» የሚለው አማራጭም ላይ ይኸው ጣጣ አለ፣ በዚያ ላይ የማታውቁት ሞተር ነው።

ሲነሳ ቦታው ላይ ተገኙ። የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ተነቅሎ፣ ሞተሩ በማስነሻ ብቻ አሥር አሥር ሰከንድ እየተዞረ ዘይቱ ቱርቦው ድረስ መድረሱ ይረጋገጥ፤ ቱርቦውም ከመታሰሩ በፊት በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ይፍሰስበት። 1ኬዲ 7 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። ከዚያ በዳሽቦርድ መብራት ሳይሆን በሚታሰር የግፊት ጌጅ ይታይ፦ ሞተሩ ሞቆ በ3000 ዙር ከ2.5 ባር በታች ከሆነ ገንዘብ አትጨርሱ። «ለሁለት ቀን ስራ ፈት ላይ ይላመድ» የሚለውን ልማድ አትከተሉ፤ ፋሻ የሚቀመጠው በመጠነኛ ጭነት ነው፣ ዙር ሳይበዛ፣ ዳገትም ሳይፈሩ።

500 ኪሎሜትር ላይ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። አሮጌውን ፊልትሮ አትጣሉት፤ ቆርቆሮውን በመጋዝ ሳይሆን በቆርቆሮ መቁረጫ ክፈቱትና ወረቀቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፤ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጥልበታል። እንደ አቧራ የላመ ጥቂት ግራጫ ብናኝ የፋሻ መላመድ ነው። በጣት የሚሰማ ወርቃማና ብርማ ቅርፊት ካለ ቤሪንግ እየሄደ ነው፤ ማግኔት የሚስበው ስንጥር ካለ ደግሞ የሞተሩ የብረት ክፍል እየተበላ ነው። ሞተሩን አጥፉት፤ ራሱ እየተነዳ ሳይሆን ተጎትቶ ወደ ጋራዡ ይመለስ፣ ጨርቁንም ከነቅርፊቱ ጠቅልላችሁ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡት።