ቁጥቋጦ መቁረጫ ለገዛችሁና ለምትገዙ ባለ ቦብካቶች

ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ቦብካት፣ ማለትም ትንሽ ጫኝ ማሽን አለችኝ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋና ገረጋንቲ ስትዝቅ የምትውል። አምና ሸዋ ሮቢት ያለ ደንበኛዬ ማሾ ሊዘራበት ያሰበውን መሬት ግራርና ቁጥቋጦ ወረሰበትና ከፊት የሚገጠም ሮታሪ መቁረጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሻጩ መጀመሪያ ያሳየኝ 1 ሜትር ከ80 ስፋት ያለውን ነው። «ማንኛውም ቦብካት ላይ ይገባል» አለኝ። መግባቱንስ ይገባል። ግን ይዞራል ወይ? ስለቱን የሚያዞረው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የኔዋ ፓምፕ በደቂቃ 64 ሊትር ይገፋል፤ ያኛው ግን ከ100 በላይ ይፈልጋል፣ ላሜራው ላይ ተጽፏል። ያን ይዤ ብመጣ ሣሩን እያጨደ ግራር ሲነካ ቀጥ ይል ነበር። 1 ሜትር ከ50ውን ወሰድኩ፤ አልተቆጨሁም። ደግሞ የኛን ደጋ አትርሱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ያው ማሽን ጣርማ በርን አልፎ ቆላ ሲወርድ ሌላ ማሽን ይሆናል።

የከፈልኩት ትልቁ ዋጋ የአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። መቁረጫው ከሁለቱ ወፍራም ቱቦዎች ሌላ ሦስተኛ ቀጭን አለው። «ቦታ ከሌላት ተዋት» ተባልኩ፤ ተውኳት። በሁለተኛው ቀን ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይሾልክ የሚይዘው ጎማ) ወጣና ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ለካ ያቺ ቱቦ ስለቱን ከሚያዞረው የመቁረጫው ሃይድሮሊክ ሞተር ውስጥ የሚሾልከውን ዘይት ወደ ታንከሩ የምትመልስ ናት፤ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ሲሉን ገፍትሮት ነው። መካኒኩ ስቆብኝ ገጠመልኝ።

ሥራውን ላመስግን። አውራ ጣት የሚያክለውን ግንድ እንደ ሣር ያልፈዋል፤ 7 ሳንቲሜትር የደረሰውን ቀስ ብለው ከገፉለት ይከረትፈዋል። ከዚያ የወፈረውን በመጥረቢያ አስቆርጡ፣ እልህ አትጋቡ። ድንጋይ ግን ይወረውራል! የመሬቱ ባለቤት አባት አጠገቤ ቆመው ሲያዩ «ጋሼ፣ እባክዎ ራቅ ይበሉ» ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ስንት አይቻለሁ» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠጠር የጎተራውን ቆርቆሮ በሳው። ያኔ ሳልነግራቸው ሄዱ። ሰው ከ90 ሜትር ወዲህ እንዳይቆም፤ የኦፕሬተሩም በር የማይሰበረው ፕላስቲክ ይሁን እንጂ ተራ መስታወት አይሁን።

ስለቶቹ ሁለት ናቸው፤ በቡሎን ስለተንጠለጠሉ ድንጋይ ሲመታቸው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። እንደ ምላጭ አትሳሏቸው፣ ቶሎ ይሸረፋሉ፤ ትንሽ ደነዝ ይበሉ። አንዱን ብቻ ሳልኩ፣ አንዱን ብቻ ቀየርኩ የሚባል ነገር የለም። የኔ ኦፕሬተር የተሸረፈውን አንዱን ስለት አስበይዶት መጣ። ክብደቱ ተዛንፎ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ጥርሴ ሁሉ ይንጫጫ ነበር፤ እንዲያ አንድ ሳምንት ቢሠራ ኩሽኔታው አይተርፍም። አሁን ጥንድ ጥንዱን ነው የምቀይረው። ግራሶ በየቀኑ፣ የስለቱን ቡሎን ጠዋት ጠዋት ማጥበቅ፣ ቱቦ ከመግጠም በፊት አፉን በጨርቅ መጥረግ። ቆላ ላይ ደግሞ ገለባው ራዲያተሩን ይደፍነዋል፤ በየሁለት ሰዓቱ አቁማችሁ በአየር ንፉት። የግራር እሾህ ጎማ እንደሚበላ ለሸዋ ሮቢት ጎሚስታ መንገር አያስፈልግም፤ እኔ አራት ጊዜ አስለጥፌአለሁ።

ኅዳር ላይ አንጎለላ ያሉ ከብት አርቢዎች ሣራቸውን እንዳጭድላቸው ጠይቀውኝ ነበር። አልሄድኩም። ይሄ መሣሪያ ሣሩን ይከታትፈዋል፤ ግማሹ አፈር ገብቶ ይቀራል፣ ታስሮ የሚከመር ድርቆሽ አይወጣውም። «ገንዘብ አትወድም እንዴ?» አሉኝ። ማጭድ ያላቸው ልጆች ጠቆምኳቸው።