ጋሼ፣ መቀመጫዬ ያመሰግንዎታል!

ሰሞኑን ረጅም መንገድ በብስክሌት ነድቼ ተመለስኩና እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብስክሌት የማትነዱ ይሄ ምኑ ይወራል ትሉ ይሆናል። የምትነዱት ግን ገብቷችኋል።

ይህን ያደረጉልኝ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ አታውጪው፤ የለመድኩት ደንበኛ ይበቃኛል" ስላሉኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ ብቻ እጠራቸዋለሁ። ከማመስገኔ በፊት ግን ትንሽ ልማረር። ሆዴ ውስጥ ብዙ ተጠራቅሟል።

ከእሳቸው በፊት ያላንኳኳሁት በር የለም። የመጀመሪያው ቦታ ያገኘሁት ሻጭ ኮርቻው፣ የብስክሌቴ መቀመጫ፣ እንደሚያመኝ ሰምቶ ሳይጨርስ "ይለመዳል" አለኝ። መቼ ነው የሚለመደው? "ትንሽ ታገሺ።" ታገስኩ። መታገሱን ለመድኩት፣ ኮርቻውን ግን አልለመድኩትም።

ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ እንደ ትራስ የሚሰምጥ ወፍራም ኮርቻ አወጡልኝ። በእጅ ሲጫኑት ደስ ይላል፤ ሻጩም ተጫኚው ተጫኚው ይለኛል። ገዛሁት። መጀመሪያ ላይ እውነትም ደህና ነበር። መንገዱ ሲረዝም ግን ከበፊቱ ባሰ። ልመልስ ስሄድ "የተነዳበት እቃ አይመለስም" ተባልኩ። ታዲያ ሳይነዱበት በምን ይታወቃል? ብዬ ስጠይቅ ሰውዬው ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ከዚያ ኮርቻው ላይ የሚለበስ ጄል ያለው ሽፋን ሸጡልኝ። እሱ ደግሞ ከሥሬ እየተንሸራተተ እኔ ወደ ቀኝ፣ ሽፋኑ ወደ ግራ ሆነን ከረምን።

ሁሉንም ይቅር ብል የመጨረሻውን ይቅር ማለት ይከብደኛል። "ሴቶች እኮ ለረጅም መንገድ አትሆኑም" አለና ሮዝ ኮርቻ አወጣልኝ። የሴቶች ነው አለኝ። ስፋቱን አልለካ፣ እኔን አልጠየቀ፣ እንዴት እንደምነዳ አላየ። ሮዝ ስለሆነ ብቻ ለእኔ ተሠራ ማለት ነው! ሲገጥመውም "ለፍጥነት ጥሩ ነው" ብሎ ከፍ አደረገልኝ። ጭኔ ተላልጦ ቀረ።

ሕመሙን እንኳ ልቻለው። ያልቻልኩት ከታላቅ እህቴ ጋር መለያየቱን ነው። እኔና እሷ ልጆች ሳለን በአንድ ብስክሌት እየተጣላን ነው ያደግነው። ካደግን በኋላ ደግሞ ሁለታችንም በየሥራችን ተወጠርን፤ የምንገናኘው መንገድ ላይ ነበር። ጎን ለጎን እየነዳን የቤት፣ የልጅ፣ የባል ወሬ ሁሉ የሚወራው እዚያ ነው። እኔ ግን "ዛሬ ራሴን አመመኝ"፣ "ዛሬ እንግዳ አለብኝ" እያልኩ መቅረት አመጣሁ። እውነቱን ለእሷም መናገር አፈርኩ። ምን ብዬ? በመጨረሻ እሷ ራሷ "አንቺ ሰውዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?" አለችኝ። ያን ቀን ነው አንድ የምናውቀው ነጂ ወደ ጋሼ የላከኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ጋሼ ሱቃቸው ጠባብ ነው፣ የሚሸጡትም እቃ ብዙ አይደለም። "ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?" አሉኝ። ኮርቻው አልተመቸኝም አልኳቸው። "የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" ዝም አልኩ። አባቴ የሚሆን ሰው ፊት የቱ ጋ ብዬ ልናገር? ፊቴ ሲቀላ አይተው መሰለኝ፣ ምንም አላሉም። ካርቶን ቀደው በእስክሪብቶ የኮርቻ ቅርጽ ሳሉበት፣ ከላይ ሲታይ እንደሚመስለው አድርገው። ካርቶኑንና እስክሪብቶውን እጄ ላይ አስቀመጡና "የሚያምሽ ጋ ኤክስ፣ የሚደነዝዝሽ ጋ ክብ አድርጊበት። እኔ ይቺን ካቴና ቀብቼ ልምጣ" ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ይህችን ነገር ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሲስቅብኝ፣ ሲያፈጥብኝ፣ ሲሸጥልኝ ቆይቼ አንድ ሰው ሳልናገር የምናገርበት መንገድ ፈጠረልኝ። ለነገሩ ካቴናው ቀድሞ የተቀባ ነበር። አይቼዋለሁ።

ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ኤክስ፣ መሐል ወደ ፊት አንድ ክብ አደረግኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩና "እነዚህ ኤክሶች ግድ የላቸውም፤ አጥንትሽ ያረፈበት ነው፣ ከጊዜ ጋር ይቀላል። ይሄ ክቡ ነው ያላማረኝ" አሉ። መደንዘዝ ማለት ነርቭና የደም ሥር ተጭኗል ማለት ነው። "ሕመም ይለመድ ይሆናል፣ መደንዘዝ ግን ለመዱት ተብሎ አይተውም" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ጠንካራ አግዳሚ ላይ ሌላ ካርቶን አነጠፉና ጎንበስ ብዬ እንድቀመጥበት አደረጉ። ስነሳ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ቀርቶበታል። የመቀመጫ አጥንቶቼ ናቸው። ከመሐል እስከ መሐል ሲለኩት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። "ኮርቻ የሚመረጠው በዚህ ነው። በወንድና በሴት አይደለም፣ በቀለምም አይደለም" አሉ። ሮዟን እያዩ ነው ይህን ያሉት። ስለሮዟ አንድ ቃል ሳልናገር!

ከዚያ የእያንዳንዱ ኮርቻ ነገር ተገለጠልኝ። ከብስክሌቱ ጋር የመጣው ጠባብ ስለነበር አጥንቶቼ ከጠርዙ ውጪ ይወድቃሉ፤ ክብደቴ ሁሉ መሐል ላይ ነው። ወፍራሙ ደግሞ አጥንቱ ሲሰምጥበት መሐሉ ወደ ላይ ያብጣል፣ ማረፍ የሌለበትን ቦታ ይጫናል። ሮዟ ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው የተሠራች ሰፊ ናት፤ እንደ እኔ ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ጭን ትልጣለች። ይኸው ነው። በአንድ ቁራጭ ካርቶን ያለቀ ነገር ነበር።

ሥራው ግን አላለቀም። ብስክሌቱን መቆሚያ ላይ አሰሩና "ንጂ" አሉኝ። እሳቸው ከኋላ ቆመው ያያሉ። "ዳሌሽ ግራ ቀኝ ይሄዳል። ፔዳሉ አልደርስ ብሎሽ ነው የምትሸራተቺው፤ ይሄ ነው የሚልጥሽ።" ለፍጥነት ተብሎ ከፍ የተደረገልኝን አስታወሳችሁ? ተረከዜን ፔዳሉ ላይ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ልክ እንዲዘረጋ አድርገው ኮርቻውን ዝቅ አደረጉት። በእግሬ ፊተኛ ክፍል ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ ይላል። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው አሉኝ። ከዚያ ውሃ ልክ አምጥተው ኮርቻው ላይ ጣሉበት፤ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ኖሯል። አስተካከሉና ከአግድሙ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ አደረጉት። ለምን የበለጠ አይዘቀዝቅም ስላቸው "ያን ጊዜ ወደ ፊት እየተንሸራተትሽ ክብደትሽን እጅሽ ይሸከመዋል" አሉ። ቀጥሎ ከጉልበቴ ላይ ቱምቢ አንጠልጥለው ኮርቻውን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲገፉት እኔ ጠፋሁ። እሱን እንዳስረዳችሁ አትጠይቁኝ። አዩት፣ ገፉት፣ ብሎኑን አጠበቁት፣ በቃ።

ለሙከራ የሰጡኝ ኮርቻ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ቀጭን፣ ጠንካራ ነገር ነው። በአውራ ጣቴ ተጫንኩትና ፊቴ ጠቆረ። ሳቁ። "በአውራ ጣትሽ አይደለም እኮ የምትነጂው።" ጓደኞቼ ስለሚያወሩለት የቆዳ ኮርቻ ጠየቅኳቸው። ይሄኔ ጋሼ ወሬ አማራቸው። ብሩክስ የሚባለው ድርጅት በ1866 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ የተመሠረተ መሆኑን፣ ቆዳው ቀስ በቀስ የነጂውን ቅርጽ እንደሚይዝ ነገሩኝ። እሽ ብዬ ልገዛ ነበር። "አይ፣ መጀመሪያ ልክሽን እወቂ። ቆዳ እስኪለሰልስ ትዕግስት ይፈልጋል፣ ዝናብም አይወድም" ብለው ራሳቸው ከለከሉኝ። ውዱን እቃ አትግዢ የሚል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የቀድሞውን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አደረጉልኝ፤ ካልተስማማኝ እንድመልሰው። ከዚህ በኋላ ስነካካውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም። ሂሳብ ልክፈል ስል የድካማቸውን ብቻ ተቀበሉ። "የኮርቻውን ነድተሽበት ከተስማማሽ ትከፍያለሽ፤ ካልሆነ ሌላ እንሞክራለን።" የተነዳበት እቃ አይመለስም ያልከኝ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ሰላም ብያለሁ።

ስወጣ የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ። "ይቺን ቤትሽ አንብቢያት።" መንገድ ላይ ከፈትኳት። ስፖንጅ ካለው የብስክሌት ቁምጣ ሥር ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስም፤ ስፌቱ ይልጣል፣ ትላለች። ለራሳቸውም ለእኔም አፍረው ነው የጻፉት! ብቻዬን እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ኤክስ ያደረግኩባቸው ቦታዎች ትንሽ አሙኝ፣ ልክ እንዳሉት ቀለለ። ክቡ ግን ጠፋ። አሁን ከእህቴ ጋር ሙሉ ቀን እንነዳለን። አልፎ አልፎ ፔዳሉ ላይ ቆም እላለሁ፤ እሱንም ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ደም እንዲዘዋወር። እህቴ የራሷን ኮርቻ ልታስለካ ሄደች። ስንት ዓመት "እኔ ምንም አይለኝ" ስትል የነበረችው ሰው ካርቶኑን በኤክስ ሞልታው መጣች።

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ከመሥራትዎ በላይ ሳያሳፍሩኝ መሥራትዎ።

እናንተም በየቦታው ገንዘባችሁን አትበትኑ። ያላችሁበት ከተማ ሌላ ከሆነ ሳይለካ፣ ስትነዱም ሳያያችሁ ኮርቻ የሚሸጥላችሁን ሰው እለፉት። ጋሼ ጋ መሄድ የምትችሉ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ አለ። ስትሄዱ የምትነዱበትን ቁምጣና ጫማ መያዝ እንዳትረሱ። የጫማው ሶል ውፍረት ከፍታውን ስለሚቀይረው ባዶ እግር ለሄደ ሰው አይለኩም፤ መልሰው ነው የሚሰዱት።