የሽምብጡ ጊታር፦ አንገቱ ወርቅ፣ ቀለሙ የባጃጅ

ባሕር ዳር ውስጥ በእጅ የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ለምታስቡ መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ከማሲንቆና ከክራር ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ግዙ። ሮክና ብሉዝ ብቻ ከሆነ የምትጫወቱት ግን ገንዘባችሁን ያዙ፤ በዚያው ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ደህና የፋብሪካ ጊታር አታጡም።

እኔ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማታ ማታ የምጫወት፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ከሠርግ ወደ ሠርግ የምሮጥ ሊድ ጊታሪስት ነኝ። ሠሪው ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ቶርኖ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ወርክሾፓቸው ሽምብጥ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ውስጥ ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሰሌዳ የላትም፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል።

አካሉ ዋንዛ ነው። ጣውላውን ራሳቸው ገዝተው ጣሪያው ሥር ለዓመታት ያደርቁታል። ጣውላ በአየር ብቻ ሲደርቅ ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ የጊታር አካል ደግሞ ወደ 4.5 ሴንቲሜትር ይወፍራል። እርጥብ እንጨት ላይ የተሠራ ጊታር በጋ ሲመጣ መሰንጠቁ ስለማይቀር በዚህ ትዕግሥታቸው አመሰግናቸዋለሁ። «ዋንዛ ድምፁን ያሞቀዋል» የሚለውን ወሬ ግን አልቀበልም። ፒክአፕ፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ያለው በሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት፣ የሚሰማው የብረት ክሩን እንቅስቃሴ ነው። ዋንዛ ጥሩነቱ ቀላል መሆኑ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚጫወት ሰው ትከሻው ይመሰክራል።

ገንዘቤ የወጣው ለአንገቱ ነው። ሁለት የዋንዛ ጣውላ መሐል ወይራ ገብቶ በኮላ ተጣብቋል፤ ፊንገርቦርዱ፣ ጣት ክሩን የሚጫንበት የአንገቱ ፊት፣ ሙሉ ወይራ ነው። የፍሬቶቹን (አንገቱን አቋርጠው ድምፁን የሚከፋፍሉትን የብረት መስመሮች) ቦታ ሲያወጡ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ከናቱ (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጁ (አካሉ ላይ እስከሚያርፍበት) ያለው የክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር ልክ። ያን ለ17.817 ያካፍሉታል፤ 36.4 ሚሊሜትር ይወጣል፣ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ይገባል። የቀረውን እንደገና ለ17.817። እንዲህ እያሉ ሲወርዱ 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ ካልወደቀ የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ጋሼ ሁሉንም ከናቱ ተነስተው በካሊፐር ይለካሉ፤ ከፍሬት ወደ ፍሬት ቢለኩ ትንንሹ ስሕተት ይደራረባል። እኔ ማንኛውንም ጊታር የምፈትነው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው፤ ቅርብ ለቅርብ ያሉት ድምፆቹ የተዛባ ፍሬትን ወዲያው ያጋልጣሉ። ይሄኛው አልፏል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የፊንገርቦርዱ ጉብታ ነው። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ አዝማሪው ድምፁን እሱ ደስ ባለው ቦታ ያሳርፈዋል፣ ጊታር ደግሞ ፍሬቱ ከሚለው ወዲህም ወዲያም አይልም። ያለን መፍትሔ ክሩን መግፋት ነው። መግፋት ድምፅን ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም፤ ስለዚህ ከአንድ ፍሬት በታች ተነስቶ መድረስና እዚያ መንጠልጠል የግድ ይላል። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን በካሴት እየሰማን ያደግን ሰዎች ጣታችን የለመደው ይሄንኑ ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩት የፌንደር ጊታሮች የፊንገርቦርዳቸው ሬዲየስ 184 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉብታው ይበዛል። ጉብታው ለኮርድ ይመቻል፣ ክር ሲገፋ ግን ክሩ ከፊቱ ያለውን ፍሬት እየነካ ይታፈናል። ጋሼ የሌላውን የአሜሪካ ሠሪ፣ የጊብሰንን፣ 305 ሚሊሜትር ይሠራሉ። ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ፍሬቶቹንም በረጅም ሞረድ አንድ ላይ አስተካክለው ስለሚያለሰልሱ አንድ ድምፅ ተኩል ገፍቼም ክሩ አልሞተብኝም። ሳዝዝ ብሪጁ ጋ ስወጣ ወይስ አንገቱ መሐል ላይ ነው ብዙ የምገፋው ብለው ጠይቀውኛል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም።

አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ፤ ክረምት ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት አንገቱ ሲንቀሳቀስ በእሱ ይስተካከላል።

«ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ ቢጎብጥብኝስ?» አልኳቸው።

«ቁልፏን ሰጥቼህ የለ? ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ በላይ ከነካካሃት እኔ ጋ እንዳትመጣ።»

ፒክአፖቹ ሦስት ነጠላ ጥቅል ናቸው፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ አላቸው። በአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር እያሽከረከሩ፣ ሽቦውን በጣታቸው እየመሩ ይጠመጥሟቸዋል፤ ከፀጉር የሚቀጥን የመዳብ ሽቦ ነው፣ አንዱ 8,000 ዙር ያህል ይወስዳል። ድምፃቸው ደማቅ ነው፤ ለችክችካ ሪትም ከከበሮው በላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለሶሎ ግን ይሳሳል፣ ወፈር ያለ ድምፅ የሚወድ ሰው ይከፋዋል። የነጠላ ጥቅል ዕዳም አለ፦ የመብራቱ 50 ኸርዝ እምምም እያለ ይገባል፣ የግድግዳ ሶኬቱ ግራውንድ በሌለው ቤት ደግሞ ይብሳል። የመሐሉን ፒክአፕ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምጥመው ማግኔቱንም ስለገለበጡት፣ ከጎኑ ካሉት ካንዱ ጋር ሲከፈት እምምታው ይጠፋል። እኔ በዘፈን መሐል እረፍት ላይ ማብሪያውን እዚያ አድርጌ መጠበቅ ለምጃለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ወይራው ከባድ፣ አካሉ ቀላል፤ ቆማችሁ ግራ እጃችሁን ስትለቁት አንገቱ ወደ መሬት ያዘነብላል። ናይለን ማንገቻ ትከሻ ላይ ስለሚንሸራተት ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ግዙ። መቃኛዎቹ ርካሽ ናቸው፤ ክር በብዛት ስገፋ የመጀመሪያዋ ክር ትወርዳለች። ናቱን ከሥጋ ቤት በመጣ የበሬ አጥንት እንዲህ አሳምረው የቀረጹ ሰው መቃኛው ላይ ለምን እንደሚቆጥቡ አይገባኝም። ቀለሙን የሚረጩት ጋራዥ ወስደው በመኪና ቀለም ነው። ሰማያዊ አልኩ፤ የባጃጅ ሰማያዊ መጣ። ባንዱ ውስጥ «ፌርማታ ላይ ወራጅ አለ» የማይለኝ የለም። የቀበቶዬ ዘለበት በሚነካበት በኩል ደግሞ መላጥ ጀምሯል። ቀለም ይቅርባችሁ፣ ዋንዛው በቫርኒሽ ብቻ ያምራል።

ቀጠሮ ላይ አትመኗቸው። ለመስቀል ይደርሳል የተባለው ጊታር በእጄ የገባው ለጥምቀት ነው። ለሠርግ ወቅት የሚፈልግ ሰው ክረምት ሳይገባ ይዘዝ። ግማሹን ቅድሚያ ይቀበላሉ፤ ደረሰኝ አይሰጡም፣ ዋጋቸውም አይደራደርም። በሌላ በኩል ፍሬት ቢነሣ፣ ጃኩ ቢላላ፣ ወስዶ ማሠራት ነው፤ ለራሴ ጥፋትም ቢሆን እስካሁን የእጅ ዋጋ አልጠየቁኝም፣ ተቆጥተውኝ ግን ያውቃሉ።

ሳጥንም ሆነ ቦርሳ አብሮ የለም። ለመረከብ ስትሄዱ የራሳችሁን ያዙ፣ ከሽምብጥ እስከ ጊዮርጊስ በባጃጅ ጭን ላይ አቅፎ መሄድ ለአዲስ ቫርኒሽ ጥሩ አይደለም።