«ምንም መዘግየት የለውም» የሚባለውን የድራም መለማመጃ ፓድ ሳትፈትኑ እንዳትገዙ

የኤሌክትሮኒክ ድራም መለማመጃ ፓድ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በተለይ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ «የቴምፖህን (የምትህን ፍጥነት) ትክክለኛነት ከመቶ እየለካ ነጥብ ይሰጥሃል» የሚባለውን ዓይነት የምታዩ። እኔ ጋ አለ። ማስታወቂያው ላይ «ምንም መዘግየት የለውም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ስትመቱና ድምፁን ስትሰሙ መካከል ክፍተት የለም ለማለት። አለው። ያውም ልምምድ የሚያበላሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቲኩ ሲያርፍ ከጎማው ሥር ያለችው ፒዬዞ የምትባል ስስ ሴንሰር ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ትቀይረዋለች። ውስጡ ያለው ቺፕ ደግሞ የእውነት ምት ነው ወይስ ጠረጴዛው ነው የተነቃነቀው ብሎ ይለያል፣ ድምፅ ይመርጣል፣ ያወጣል። በደህና ዕቃ ላይ ይህ ሁሉ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅ አይሰማችሁም። ከድራም 3 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንኳ ድምፁ የሚደርሰው 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው፣ ማንም ሲያማርር አይሰማም። ጣጣው የሚመጣው ድምፁ ወደ ብሉቱዝ ኤርፎን ሲላክ ነው። በተራ የብሉቱዝ ኤርፎን መዘግየቱ በቀላሉ 100 ሚሊ ሰከንድን ያልፋል፣ 200 እና ከዚያ በላይ የሚደርስም አለ።

200 ሚሊ ሰከንድ ምን አላት እንዳትሉ። ሜትሮኖሙን (ምት እየቆጠረ የሚጮኸውን) 120 ላይ፣ ማለትም በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጉት። ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። አስራ ስድስተኛ ኖታ ስትመቱ ለአራት ይከፈላልና በአንዱና በሌላው መካከል የሚቀረው 125 ብቻ ነው። ስለዚህ የመታችሁት ድምፅ ጆሯችሁ የሚደርሰው እጃችሁ ቀጣዩን መትቶ ወደ ሦስተኛው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ «ቴምፖህን አስተካክል» የሚባለው።

ከዚህ የሚብሰው እጅ መልመዱ ነው። ድምፁ ከሜትሮኖሙ ጋር እኩል እንዲገጥም ሳይታወቃችሁ ቀደም እያላችሁ መምታት ትጀምራላችሁ። ነጥቡም ከፍ ይላል፣ ደስ ይላችኋል። ከዚያ እውነተኛ ድራም ላይ ስትቀመጡ ቤዝ ጊታር የያዘው ልጅ ዞር ብሎ «ምን ያጣድፍሃል?» ይላችኋል። እሱ ነው ትክክል።

ለሻጩ ይህን ስነግረው «አፑ ውስጥ የመዘግየት ማስተካከያ አለ፣ እሱን ተጠቀም» አለኝ። እውነት ነው፣ አለ። የሚሠራው ግን መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ብቻ ነው። ሁልጊዜ 150 ቢዘገይ አፑ 150 ይቀንሳል፣ ያበቃል። አንዴ 120፣ አንዴ 170 የሚሆን ከሆነ ግን ምን ቁጥር ብታስገቡ አይረዳም፣ የሚሰጣችሁ ነጥብም የእናንተን እጅ ሳይሆን የብሉቱዙን የዕለቱን ጠባይ ነው የሚለካው። ይህንን ስነግረው ደግሞ ጥፋቱ ወደ ስልኬ ዞረ። ልመልሰው ስል ሳጥኑ ተከፍቷል ተባልኩ። ሳይከፈት እንዴት ተደርጎ ይሞከራል? ለዚህ መልስ የለም።

ስለ ነጥቡ ካነሳን፣ «ትክክል» የሚባለው ስንት ሚሊ ሰከንድ ድረስ ሲስት እንደሆነ የትም አልተጻፈም። ሆን ብዬ ከምቱ ወደ ኋላ እየቀረሁ፣ የሰነፍ አመታት መታሁለት። ኮከብ ሸለመኝ። እናንተም ልታረጋግጡ ከፈለጋችሁ እንዲሁ አድርጉ፦ እያወቃችሁ ሳቱና ምን እንደሚል እዩ። ስሕተትን የማያይ ነገር ትክክለኛውንም አያይም።

ሌላው ቀስ ብሎ የሚወጣው ጉድ የምት ጥንካሬ ነው። ከ1983 ጀምሮ ያለው ሚዲ የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ የአመታትን ጥንካሬ እስከ 127 ድረስ በቁጥር መለየት ይችላል። የእኔው ፓድ የሚያውቀው ጮክ፣ በጣም ጮክ እና ዝም ነው። ለስላሳ ምቶችን ጭራሽ አይቆጥራቸውም፤ እንዲቆጥር ስሜታዊነቱን (ምን ያህል ቀላል ምት እንደሚሰማው) ከፍ ስታደርጉት ደግሞ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ያሰማል፣ ምክንያቱም ጎማው ገና ሳይረጋ ሴንሰሯ እንደ አዲስ ምት ታነበዋለች። ይህንን ለመከላከል ሠሪዎቹ ከአንድ ምት በኋላ ፓዱ ለጥቂት ጊዜ እንዲደነቁር ያደርጉታል። ያ የድንቁርና ጊዜ ከረዘመ ፍላም የሚባለው ጥምር ምት አለቀለት። ፍላም ላይ ትንሿ ምት ከዋናዋ በጣም ተጠግታ ነው የምትቀድመው፣ ፓዱም የሚሰማው ትንሿን ይሆንና ዋናዋን ይውጣታል። ዓለም አቀፎቹ የድራም ሩዲመንቶች (መሠረታዊ የአመታት ልምምዶች) 40 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በፍላም፣ በድራግ (ከዋናዋ ምት በፊት ሁለት ትንንሽ ምቶች) እና በሮል (ተከታታይ ፈጣን ምቶች) ላይ የቆሙትን ብታወጡ የሚቀረው ጥቂት ነው። ታዲያ ይሄ ዕቃ ምን ሊያለማምድ ነው?

ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን የሲሊኮን ዓይነት ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ አልመክርም፣ ስቲኩን መልሶ አያነጥርም። ደብል ስትሮክ፣ ማለትም በአንድ እጅ ሁለቴ አከታትሎ መምታት፣ ያለ ንጥረት አይሠራም።

ወርሃዊ ክፍያም አለ። ሳጥኑ ላይ ያልተጻፈ። ያለፈውን ልምምዳችሁን ለማየት አፑ በየወሩ ይጠይቃል፣ ካልከፈላችሁ የትናንቱ ጠፋ ማለት ነው።

እሺ፣ መግዛት ግድ ከሆነስ? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ፈትኑ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የስልካችሁን መቅረጫ ክፈቱና ከፓዱ አጠገብ አስቀምጡት። ድምፁ በኤርፎን ከሆነ የሚወጣው፣ አንዱን ኤርፎን ስልኩ ማይክ ላይ አስጠጉት። ከዚያ ራቅ ራቅ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ስልኩ ሁለቱንም ይይዛል፦ ስቲኩ ጎማው ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን «ጧ» እና ፓዱ የሚያወጣውን ድምፅ። ቅጂውን የድምፅ ሞገድ በሚያሳይ ማንኛውም ነፃ አፕ ስትከፍቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሰከንድ ታነባላችሁ። ከ20 ካለፈ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ርቀቱ ከምት ምት ከተለዋወጠማ ወሬም አያስፈልገውም። ገና በጆሮ ብቻ «ጧ፣ ዱም» ተብሎ ሁለት ሆኖ ከተሰማችሁ ደግሞ ሞገዱንም ማየት አይጠበቅባችሁም።

ሻጩ ሳጥኑን ለማስከፈት ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የኤርፎን ገመድ መሰኪያ ያለው፣ ስሜታዊነቱን በእጅ ማስተካከል የሚቻል፣ አፕ ባይኖርም ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ፓድ ካገኛችሁ ግን ጥሩ ነው፣ ደህና ዕቃዎች የሉም እያልኩ አይደለም። እኔ ለጊዜው የምሠራው በተራ የጎማ ፓድ ነው። ሜትሮኖሙ በስፒከር ይጮሃል፣ ስልክ ሁለቱንም ባንድ ማይክ ይቀርጻል፣ መዘግየት የሚባል ነገር መሃል አይገባም። መልሼ ስሰማው የት እንደቀደምኩ የት እንደቀረሁ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሲቀለኝ ሜትሮኖሙን አንድ ባር (አራት ምት ያህል) እንዲመታ አንድ ባር ዝም እንዲል አደርገዋለሁ። ሲመለስ ከእኔ ጋር ከገጠመ እሰየው፣ ካልገጠመ ደግሞ በየት በኩል እንዳመለጠኝ ወዲያው ይታወቃል። ይህንን የትኛውም ኮከብ ሰጪ አፕ አልነገረኝም።

ቀድማችሁ የገዛችሁት ካላችሁ፣ ብሉቱዙን አጥፉ፣ ገመድ ካለው በገመድ ስሙ፣ ነጥቡን እርሱት፣ ጎማው ደህና ከሆነ እንደ ተራ ፓድ ያገለግላል። መመለስ የምትፈልጉ ደግሞ «ምንም መዘግየት የለውም» የሚለው ማስታወቂያ ሳይነሳ በፊት ስክሪንሾት አንሱት። ክርክሩንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉት። ማስረጃ ቪዲዮ ስትቀርጹ ስቲኩም ኤርፎኑም ባንድ ምስል ውስጥ ይግቡ፣ አለበለዚያ «ድምፁ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» ይሏችኋል፤ እኔን እንደዚያ ብለውኛል።