ሌሊት አውሬ ለመቅረጽ የትኛው ትራይፖድ ይሻላል? ለጎጃም ካሜራ ያዦች የተሰናዳ ንጽጽር

ቀን ሰርግና ምርቃት የሚቀርጹ፣ ማታ ደግሞ ጅቡን፣ ቀበሮውንና ጥርኙን መቅረጽ የሚመኙ ወጣቶች በጎጃም ከተሞች አሉ። ካሜራው አላቸው። ሌንሱንም ቢሆን ይዋዋሳሉ። የሚቸገሩት ካሜራው የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር፣ ትራይፖዱ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ «ለሌሊት አውሬ የሚሆን ጠንካራ ትራይፖድ» ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚመጣላችሁ የውጭ አገር አዳኞች ጠመንጃ የሚያሳርፉበት ነው። እግሩ ከካሜራ ትራይፖድ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ አናቱ ላይ ነው፤ ጠመንጃውን ግራና ቀኝ ጨምድዶ የሚይዝ ነገር አለው። ለእኛ አይሆንም። ጉምሩክ ላይም ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። እለፉት።

አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በጎጃም ሌሊት ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው የለም፤ መኖርም የለበትም። በጨለማ ሦስት እግር ላይ የተቀመጠ ረጅም ሌንስ ከሩቅ መትረየስ ይመስላል። የሚያየው የቤቱ ባለቤት፣ የሰፈር ጥበቃ ወይም ሚሊሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀን ላይ ሄዳችሁ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ቀበሌውን ታሳውቃላችሁ። ከዚያ በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ ከበረቱ አጥር ጀርባ፣ ባለቤቱ ባለበት ትቀመጣላችሁ። መውጣት ያልተፈቀደ ከሆነ ደግሞ አትወጡም፤ ቪዲዮው ይቅር።

ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምትገዙትንም ይወስናል። ቦታችሁ አንድ ከሆነ፣ እዚያ ድረስ በባጃጅ ወይም በጋሪ ከደረሳችሁ፣ ቅለት ያን ያህል አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ንቅንቅ የማይል ነገር ነው። ሻጩ «ላባ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል» ሲላችሁ ጥቅሙ ለሌላ ሰው መሆኑን እወቁ።

የማይሆነውን አስቀድመን እናውጣ

ለስልክና ለቲክቶክ የሚሸጠው ቀጭን ስታንድ አለ። እግሮቹ ከአምስት የሚበልጡ ቁርጥራጮች ናቸው፤ አናቱ ፕላስቲክ ነው። ስልክ ይይዛል። ረጅም ሌንስ ሲጫንበት ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጅቡ እስኪመጣ ሌንሱ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያጎነብሳል። ዋጋው ርካሽ መሆኑ አያታላችሁ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ረጅም ሌንስ የሩቁን ሲያቀርብ ንዝረቱንም አብሮ ያጎላል። ሌሊት ደግሞ ብርሃን ስለሌለ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ረጅም ጊዜ ክፍት ይሆናል። ቀን በሰከንድ 1/1000 የምታነሱትን ፎቶ ማታ ከግቢው አምፖል ሥር በ1/30 ወይም ከዚያ በዘገየ ፍጥነት ታነሱታላችሁ። በዚህ ፍጥነት ጣታችሁ ካሜራውን መንካቱ እንኳ ምስሉ ላይ ይታያል። እግረ መንገዴን፦ በመብራት ኃይል አምፖል ሥር ቪዲዮ ስትቀርጹ 1/50 ላይ አድርጉት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የመብራቱን ብልጭ ድርግም በእጅጉ ይቀንስላችኋል።

አልሙኒየም ወይስ ካርቦን?

ብዙ ሰው የሚጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር እንየው። በዓለም ገበያ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ማንፍሮቶ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው 055 ነው። እግሩ በሦስት ክፍል የሚሳበው አልሙኒየም 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዚያው ሞዴል ካርቦን 2 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱም እንችለዋለን የሚሉት ጭነት 9 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ መሆኑ ነው። ለዚያ ግማሽ ኪሎ የሚጨመረው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።

ካርቦን እውነተኛ ጥቅም አለው። ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል። ብርድም እንደ ብረት እጅ ላይ አያስተላልፍም። ጮቄ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አልሙኒየም እግር በባዶ እጅ መያዝ ያማል። ነገር ግን ካርቦን ድንጋይ ላይ በኃይል ከተመታ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ሁልጊዜ ዓይን ውስጥ አይገባም። አልሙኒየም ሲመታ ይጎብጣል፤ መጎበጡንም ታያላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ሞጣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ለሚሄድ ዕቃ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ብርዱን ደግሞ በቀላሉ ትገላገሉታላችሁ። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጣችሁ የላይኞቹን እግሮች አልብሷቸው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ጎማ አይጠፋም። ብረቱ እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚሰማውንም ድምፅ ይቀንሳል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ተራራ የምትወጡ፣ ዕቃችሁን በትከሻ የምትሸከሙ ከሆነ ካርቦን ይገባችኋል። ከግቢ አጥር ጀርባ የምትቀመጡ ከሆነ ወፍራም አልሙኒየም ግዙ። የተረፈውን ገንዘብ አናቱ ላይ፣ ማለትም ካሜራውን ይዞ በሚዞረው ክፍል ላይ አውሉት።

ካርቦን ስትገዙም ሆነ አልሙኒየም፣ «ይህን ያህል ኪሎ ይችላል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ሁሉም ፋብሪካ የሚለካበት አንድ ወጥ መስፈርት የለም። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚለካው። መቻል ማለትም አለመሰበር ሊሆን ይችላል፤ አለመነቃነቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የታችኛውን፣ በጣም ቀጭኑን ክፍል ተመልከቱ። እንደ እርሳስ ከቀጠነ ተዉት። ሦስት ክፍል ያለው እግር አራት ካለው ይሻላል፤ መገጣጠሚያው ስለሚያንስና የታችኛው ክፍል ስለማይቀጥን ነው። ሲታጠፍ ይረዝማል፤ ግድ የለም።

መሀል ላይ ወደ ላይ የሚሳበው ምሰሶም አለ። ለሌሊት ሥራ አትሳቡት። ካሜራውን ከሦስቱ እግሮች አውጥቶ በአንድ እንጨት ላይ እንደማቆም ነው። ስትገዙ ቁመቱን ያለዚህ ምሰሶ አስሉ። ያ 055 እንኳ 170 ሴንቲ ሜትር የሚባለው ምሰሶው ተስቦ ነው። ሳይሳብ 140 አካባቢ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

የሰርጉ ቪዲዮ ትራይፖድ

የሰርግ ካሜራማኖች የሚይዙት፣ እያንዳንዱ እግሩ ሁለት ቱቦ የሆነው ከባድ ትራይፖድ ለዚህ ሥራ በጣም የሚሆን ነው። ብዙዎች የሌሊት አውሬ ሲሉ አዲስ ዕቃ ይመኛሉ። ቤታቸው ጥግ ላይ የቆመውን ግን አያዩትም።

ሁለት ቱቦ ስለሆነ እግሩ ሲጠመዘዝ አይላላም። አናቱ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከሥሩ ያለውን እጀታ ፈታ አድርጋችሁ፣ የውኃ ልኩን አይታችሁ፣ መልሳችሁ ማጥበቅ ነው። እግሮቹን በጨለማ እያወጡ እያስገቡ ማስተካከል የለም። የጎጃም ግቢ ደግሞ ሜዳ አይደለም፤ አንዱ ጫፍ ሁልጊዜ ይዘቀዝቃል።

አናቱ ፍሉይድ ሄድ ነው። ውስጡ ያለው ቅባት እንቅስቃሴውን ስለሚያለዝበው ጅቡ ከበረቱ ወደ ጎርፍ መውረጃው ሲሄድ ካሜራው ሳይንቀጠቀጥ ይከተለዋል። ሚዛን የሚጠብቅ ስፕሪንግ ካለው ደግሞ እጃችሁን ስትለቁትም ሌንሱ አይወድቅም። በጣም ሲበርድ ቅባቱ ይጠጥራል። ስለዚህ ከፍታ ላይ ስትሆኑ ከቀረጻው በፊት ወዲያ ወዲህ እያዞራችሁ አፍታቱት።

ጉድለቱስ? ይከብዳል። ከነአናቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ወደ መሬት ዝቅ አይልም፤ ስለዚህ ጥርኝን በቁመቷ ልክ መቅረጽ ይቸግራል። እግሮቹን መሬት ላይ የሚያያይዘው ማሰሪያም ድንጋያማ ቦታ ላይ ያስቸግራል። እግሮቹ መሀል ላይ የሚያያዙበት ዓይነት ይሻላል።

የሰርቬየሩ እንጨት

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። መንገድና መሬት የሚለኩ ሰርቬየሮች የሚጠቀሙበት የእንጨት ትራይፖድ ለካሜራም ይሆናል። እንጨት ንዝረትን በተፈጥሮው ያበርዳል። ጫፉ የብረት ሹል ነው፤ በጫማ የሚረገጥበትም ጠርዝ አለው። ዋልካ አፈር ላይ ረግጣችሁ ስትሰኩት ነፋስም በሬም አያነቃንቀውም። የፎቶ ትራይፖድ የጎማ እግር ግን በሐምሌ ጭቃ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ጠዋት ስታዩ ምስሉ ሁሉ ዘሟል።

ችግሩ ብሎኑ ነው። የሰርቬየሩ ብሎን ወፍራም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 5/8 ኢንች። የካሜራ አናት የሚታሰርበት 3/8 ኢንች ነው። ካሜራው ራሱ ደግሞ 1/4 ኢንች። ስለዚህ ከ5/8 ወደ 3/8 የሚቀይር አዳፕተር ትፈልጋላችሁ። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም ጎበዝ ቶርኔተር ጋር ማሠራት ትችላላችሁ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ሹሉ ይንሸራተታል፤ እግሮቹን በገመድ እርስ በርስ እሰሯቸው። ያገለገለ ርካሽ ከተገኘ እንደ እኔ ከማንኛውም አዲስ ቀላል ትራይፖድ ይበልጣል።

መቆለፊያውና አናቱ

እግር የሚቆለፍበት መንገድ ሁለት ነው፤ ተጭነው የሚዘጉት ክሊፕና እንደ ክዳን የሚያዞሩት ጥምዝ። ክሊፑ መከፈቱና መዘጋቱ በእጅ ይታወቃል፤ በጨለማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። ጅብ ጆሮው ስል ነው። ስለዚህ ሳይመሽ አስተካክላችሁ ጨርሱ። ጥምዙ ዝም ይላል፤ ግን አንዱን ሳያጠብቁ መርሳት ቀላል ነው፤ ካሜራው በዚያ በኩል ይቀመጣል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ያለው አቧራና አሸዋም ጥምዙ ውስጥ ገብቶ ያንቋቋል። ፈታታችሁ በንጹሕ ውኃ ማጠብና ማድረቅ አለባችሁ። ለሌሊት ክሊፑን እመርጣለሁ።

ከአናቶች ቦል ሄድ፣ ካሜራው በአንድ ኳስ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞርበት፣ በጣም የተለመደው ነው። ትንሽ ነው፤ ፈጣን ነው። ለረጅም ሌንስ ግን አልመክረውም። ብሎኑን ስታላሉት ሌንሱ ባንድ አፍታ ወደ ፊት ይወድቃል፤ በጨለማ ደግሞ ጣታችሁን ይዞ ነው የሚወድቀው። ቪዲዮ ከሆነ ሥራችሁ ፍሉይድ ሄድ። ፎቶ ብቻ ከሆነና ሌንሳችሁ ከባድ ከሆነ ጊምባል። ጊምባል ሌንሱን በክብደቱ መሀል ስለሚያንጠለጥለው በሁለት ጣት ታዞሩታላችሁ።

ካሜራው ሥር የምትታሰረው ትንሿ ሳህን ላይ ተጠንቀቁ። አርካ ስዊስ የሚባለውን መጠን የሚቀበል አናት ግዙ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት ብትጠፋ ምትክ ይገኛል። አንድ ፋብሪካ ብቻ የሚሠራት ልዩ ሳህን ከሆነች ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ስትጠፋባችሁ አናቱ በሙሉ ሥራ ይፈታል። የሰርጉ ትራይፖድ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ከአርካ ይለያል፤ ከተቻለ ሁለት ያዙ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይፈተናል?

እግሮቹን በሙሉ አውጡ። አናቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጠርሙስ ክዳን ለማዞር ሞክሩ። እግሮቹ ከተጠማዘዙ አይሆንም። ቀጥሎ የራሳችሁን ካሜራ ከረጅሙ ሌንስ ጋር አስቀምጡ። ስክሪኑ ላይ ምስሉን እስከ መጨረሻው አጉሉና አንዱን እግር በጣት ቀስ ብላችሁ ምቱ። ምስሉ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ቁጠሩ። ሁለት ትራይፖድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስትሞክሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ነፋስ ካለ ከመሀሉ ማንጠልጠያ ላይ ቦርሳ ይሰቀላል። ቦርሳው መሬት እንዲነካ አድርጉ፤ ካልነካ ራሱ እየተወዛወዘ ትራይፖዱን ያናውጠዋል።

ያገለገለ የቪዲዮ ትራይፖድ የምትገዙ ከሆነ ሦስቱ እግሮች የሚገናኙበትን ቦታ በባትሪ አብርታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ፍሉይድ ሄዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የሚያንቋቋ ወይም የሚዘል ከሆነ ቅባቱ አልቋል፤ ከሥሩም የቅባት እድፍ መኖር አለመኖሩን እዩ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሳህኗ ከነብሎኗ መኖሯን አረጋግጡ።