ከቪየና እስከ ሮም በባቡር፦ ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ የጅማ ሰው

ባለፈው ክረምት ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ከቪየና (ኦስትሪያ) ተነስተን በሉብሊያና (ስሎቬኒያ)፣ በትሪየስቴና በቬኒስ (ጣሊያን) አድርገን ሮም ገባን። መንገዱን ከሞላ ጎደል በባቡር ነው የጨረስነው። መኪና የተከራየነው ስሎቬኒያ ላይ ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ አውሮፓን ማየት ለሚፈልግ ሰው ባቡርን የመሰለ ነገር የለም። መኪናው ግን ለገጠር ብቻ ይሁን።

ከሁሉ በፊት ቪዛ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ ሀገሮችን የሚያስገባው) አሰጣጥ ላይ ገደብ ጥሏል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማመልከቻው የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ አንዴ ከሸንገን ከወጣችሁ መመለስ የለም፤ መስመራችሁን ስታወጡ ይሄን ያዙ። ኦስትሪያ፣ ስሎቬኒያና ጣሊያን ሦስቱም ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ በአንድ መግቢያ ይዳረሳሉ። የምታመለክቱት ረጅሙን ጊዜ ለምትቆዩበት ሀገር ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ 6 ዓመት ሞልቶት 12 ላልሞላው ልጅ ደግሞ 45 ዩሮ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪየናም ሮምም ይበራል። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ብትወጡ የመልስ መንገድ ትቆጥባላችሁ፤ እኛም ያደረግነው እንደዚያ ነው።

ቪየና ለልጆች ጥሩ ከተማ ናት። ትራሙ ያለ ችግር የትም ያደርሳል። የሾንብሩን የእንስሳት መኖሪያ ከ1752 ጀምሮ ያለ ነው፤ እስካሁን ከሚሠሩት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው የለም። ልጆቹን ከዚያ ማውጣት ፈተና ሆነብን። እናቴን የማረካት ግን ቡና ቤቱ ነው። ቡናው በትንሽ ትሪ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይመጣል። አንድ ስኒ አዝዞ ግማሽ ቀን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አለ፤ ማንም ተነስ አይለውም። «እነዚህስ ቡና ቁጭ ብለው መጠጣት ያውቃሉ» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ለእሷ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይደርስ የተነሳ ሰው ቡና ጠጣ አይባልም።

አሁን ወደ ባቡሩ። ጅማ ባቡር የላትም፤ ለልጆቻችን ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። ቪየና ዋናው ጣቢያ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መድረኩ ላይ ከላይ የተሰቀሉ ፊደላት አሉ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ የሚሄዱ። ሰሌዳው ላይ የእናንተ ፉርጎ ከየትኛው ፊደል ሥር እንደሚቆም ይጻፋል። ቀድማችሁ እዚያ ከቆማችሁ፣ ባቡሩ ሲመጣ ሻንጣና አሮጊት እየጎተታችሁ አትሮጡም። ትኬቱን ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መግዛት ዋጋውን በጣም ያወርደዋል። ርካሹ ትኬት ግን ለዚያው ባቡር ብቻ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። የኦስትሪያ ባቡር ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አያስከፍልም፤ እስከ 14 ዓመት ያለው በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። ትኬት ስትገዙ መቀመጫም አብራችሁ ያዙ። ጥቂት ዩሮ ይጨመርበታል እንጂ፣ ቤተሰብ በየፉርጎው ከሚበተን ይሻላል።

ከቪየና ወጥታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ዘመሪንግ የሚባለው ተራራ ይመጣል። እዚህ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት ተመልከቱ። ከግሎግኒትስ እስከ ሚውርትሱሽላግ 41 ኪሎ ሜትር ነው። ከ1848 እስከ 1854 ነው የተሠራው፤ መሐንዲሱ ካርል ፎን ጌጋ ይባላል። ዲናሚት ገና አልተፈለሰፈም ነበር። 14 ዋሻና 16 ትላልቅ የድንጋይ ድልድዮች አሉት፤ አንዳንዱ ድልድይ በድልድይ ላይ የተደረበ ነው። ባቡሩ ተራራውን እየዞረ ሲሄድ፣ ቅድም ያለፋችሁበትን ድልድይ መልሳችሁ ከሩቅ ታዩታላችሁ። ትንሿ ልጃችን ዋሻ በገባን ቁጥር «መሸ!» ትላለች፤ ስንወጣ «ነጋ!»። ታላቋ መቁጠር ጀምራ ሰባተኛው ላይ ተምታታባት። እናቴ ደግሞ ድንጋዩን ነበር የምታየው። «ይሄን ሁሉ ማን ተሸከመው?» አለችኝ። ወደ 20,000 ሠራተኛ እንደነበረ ስነግራት «ነፍስ ይማር» አለች። ዩኔስኮ በ1998 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል፤ ይገባዋል።

እናቴ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ስትሄድ የጊቤ ቁልቁለት ላይ ሁሌ ያዞራታል፤ ሎሚ ሳትይዝ አትወጣም። እዚህ ሎሚዋን ከቦርሳዋ እንኳ አላወጣችውም። ሀዲድ እንደ መኪና መንገድ ቁልቁል አይወረወርም፤ ተራራውን ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ነው የሚወጣው። ዕድሜው የገፋ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ ከዋጋውም ከሁሉም በላይ ባቡርን የምመክረው ለዚህ ነው። አሁን ከተራራው ሥር 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ዋሻ እየተሠራ ነው። ሲያልቅ ፈጣኖቹ ባቡሮች በዚያ ሥር ነው የሚያልፉት፤ አሮጌውን መስመር ማየት የሚፈልግ ከዚያ በፊት ቢሄድ ይሻለዋል።

ሉብሊያና ትንሽ ከተማ ናት፤ መሀሏ ለመኪና ዝግ ነው። ልጅን እጁን ለቅቆ ማስኬድ የሚቻልበት የሀገር ዋና ከተማ ማግኘት ደስ ይላል። ፕሌችኒክ የሚባለው አርክቴክት የሠራው ባለሦስት ድልድይ፣ አራት ዘንዶ የቆመበት ሌላ ድልድይ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ካፌዎች፤ በቃ፣ በእግር ሁሉም ይዳረሳል። መኪና የተከራየነው ከዚህ ነው። ብሌድ ሐይቅ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውብ ነው፣ ግን በነሐሴ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ያሰለቻል።

ፖስቶይና ዋሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመሬት በታች 24 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እዚያም ባቡር አለ! ከ1872 ጀምሮ ሀዲድ አለው። ክፍት በሆነ ትንሽ ባቡር ተቀምጣችሁ፣ ድንጋዩ ከራሳችሁ በላይ ትንሽ ቀርቶት እያለፋችሁ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚያ በእግር ነው። ውስጡ በጋ ክረምት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናቴ ጋቢዋን ይዛ ነበርና ሁለቱም ልጆች እሷ ሥር ገቡ። ቱሪስቱ ሁሉ በቁምጣ ሲንቀጠቀጥ የኛ ቤተሰብ በጋቢ ሞቆት ነበር። ዋሻው ውስጥ ኦልም የሚባል ዓይኑ የማያይ፣ ቆዳው የነጭ ሰው ቆዳ የመሰለ እንስሳ ይኖራል፤ ምግብ ሳይቀምስ ለዓመታት ይቆያል። ልጆቹ ጅማ ተመልሰው ለጓደኞቻቸው መጀመሪያ ያወሩት ስለ እሱ ነው።

የመኪና ኪራዩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያከራየን ድርጅት ባለቤቴ በባንክ ያስሞላውን የጉዞ ካርድ ለማስያዣ አልቀበልም አለ። በሾፌሩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ አምጡ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስንይዝ እንዲህ የሚል ነገር ፊት ለፊት አልተጻፈም ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ውድ የሆነውን ኢንሹራንስ ከገዛችሁ በዚሁ ካርድ ይሆናል አሉን፤ ከፈልን። ስንመልስ ደግሞ ከኋላ በር በታች ያለ ጭረት አሳዩን። ባለቤቴ መኪናውን ሲረከብ ዙሪያውን ቪዲዮ አንስቶ ነበር፤ ጭረቱ እዚያው ላይ አለ። ቪዲዮውን ሲያዩ ዝም አሉ። ይቅርታ እንኳ የለም። ቤተሰብ ቆሞ እየጠበቀ፣ ባቡር ሊያመልጥ ሲል እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። እናንተ ግን ክሬዲት ካርዱን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቪዲዮ አንሱ፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። የስሎቬኒያ አውራ ጎዳና ክፍያ በታርጋው ቁጥር በኢንተርኔት ነው የሚፈጸመው፤ መከፈሉንም አረጋግጡ። ወደ ጣሊያን ከተሞች መኪና ይዞ መግባት ደግሞ አልመክርም። የአሮጌው ከተማ ክፍል በካሜራ የሚጠበቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ቅጣቱ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ከሉብሊያና ወደ ጣሊያኗ የቡና ወደብ ትሪየስቴ በባቡር ገባን። እኔ ጅማ ውስጥ በቡና ንግድ ነው የምሠራው፤ ይህችን ከተማ ለማየት የጓጓሁት ከሁሉም በላይ ነው። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ በ1719 ከቀረጥ ነፃ ወደብ አደረጋት። በ1857 ከቪየና የመጣው ሀዲድ እዚህ ደረሰ። የመጣንበት መስመር የዚያው ነው፤ የቪየና ቡና ቤቶች ቡና ከወደቡ በዚያ ይጫንላቸው ነበር። ትልቁ አደባባይ በአንድ በኩል ለባሕር ክፍት ነው፤ ማታ ማታ ሰው ሁሉ እዚያ ይንሸራሸራል።

ቡናው ጥሩ ነው። ወፍራም ነው፣ አረፋው ቀይ ቡናማ ነው፣ ምሬቱ አይቆይም። ለኔ ግን አቆላሉ ጠቆር ይላል፤ የፍሬውን መዓዛ ይገድለዋል። ሰው ባንኮኒ ተደግፎ ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ በሁለት ጉንጭ ጨርሶ ይወጣል። እናቴ ይሄ አልተዋጠላትም፤ ወንበር አስፈልጋ ተቀመጠች። የአንድ ቡና ቆዪ ሱቅ መስኮት ላይ የየሀገሩ ቡና ስም ተደርድሯል። ሲዳሞ አለ፣ ይርጋጨፌ አለ። ጅማ የለም። ሻጩን ስጠይቀው «ጅማማ በቅልቅሉ ውስጥ አለ» አለኝ። አውቃለሁ፤ ጅማ 5 በሚባል ደረጃ በብዛት የሚሄደው ቡናችን ከሌላው ጋር ነው የሚቆላው። ቢሆንም ከነከነኝ። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና ጥሩ ጥሩ የታጠበ ቡና ይወጣል። በስሙ መስኮት ላይ መቀመጥ የሚገባው ቡና ነው።

ቬኒስ ላይ አልቆይም። አገባቡ ግን ግሩም ነው። ባቡሩ ባሕር ላይ በተሠራ ድልድይ ነው የሚገባው፤ ግራና ቀኝ ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። ከጣቢያው በር ስትወጡ ትልቁ ቦይ ፊታችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ሻንጣ ይዞ የድልድይ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። የሕዝብ ጀልባው ለአንድ ጉዞ 9.50 ዩሮ ነው፤ ለአምስት ሰው ስታስቡት ይከብዳል። አንድ ሌሊት ይበቃል። በነገራችን ላይ በጣሊያን የአካባቢ ባቡሮች የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ማሽን ማስመታት አለባችሁ። ካልተመታ ትኬት እንዳልያዛችሁ ተቆጥሮ ትቀጣላችሁ።

ከቬኒስ ሮም በፈጣኑ ባቡር ወደ 4 ሰዓት ነው። እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ ስኒው ላይ ያለው ውሃ አይነቃነቅም። ተርሚኒ ጣቢያ ወርደን ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ቆምን። ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ታላቋ ልጃችን ራስ አሉላን በትምህርት ቤት ተምራለች፤ ስንነግራት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ «እዚሁ?» አለች። መታሰቢያቸው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ቆሟል፤ ከላዩ የግብፅ ሐውልት አለበት። በየቀኑ ስንት ኢትዮጵያዊ በዚህ ጣቢያ ያልፋል። ልጆቻችሁን አቁማችሁ አሳዩዋቸው።

ሌላው የግድ የምትሄዱበት የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው። ፖርታ ካፔና ይባላል፤ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ላይ ትወርዳላችሁ። 24 ሜትር የሚረዝመውን ሐውልት በ1937 ወስደው እዚያ ተከሉት፤ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። ከበስተጀርባው ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። በቦታው አሁን ሁለት አሮጌ ዓምዶች ቆመዋል። የሚታይ ብዙ ነገር የለም። እናቴ ግን ባዶውን ቦታ አይታ እልል አለች፤ መንገደኛው ዞሮ አያት። «እንኳን ቤቱ ገባ!» አለች። ለኔ ከኮሎሲየሙ ይሄ በልጧል።

ምግብ ችግር አልሆነብንም። ፍልሰታ የገባችው ጉዞ ላይ ሳለን ነው። ጣሊያን ውስጥ ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። ጾመኛ በእሱ ይኖራል። ከቤት ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ይዘን ነበር። ቅቤና ሥጋ ግን እንዳትይዙ፤ ወደ አውሮፓ ማስገባት ክልክል ነው። ሮም በነሐሴ ታቃጥላለች። በየመንገዱ ግን ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ የሚያፈሱ ቧንቧዎች አሉ፣ ወደ 2,500 ናቸው፣ በነፃ። ጠርሙስ ያዙ። የኮሎሲየም ትኬት ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርት ይዛችሁ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ግቡ። ቀን ካጠራችሁ ደግሞ ከቬኒስ ቀንሱና ትሪየስቴ ላይ ጨምሩት።